በእንዶድ የታጠበ ሞተር

አባቴ ቀኝ ጎኑ ሽባ ከሆነ በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኑኑ ቁምባ ሄዶ ታላቅ እህቱን ማየት። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ በእርጅና ከደጇ አልፋ መሄድ አቅቷታል። አውቶቡስ ተኝቶ የሚሄድ በሽተኛ አይጭንም። አንድ ባለመኪና ብለምነው ፊት ለፊት ነገረኝ፤ «መምህር፣ መንገድ ላይ ቢሞትብኝስ? ለማን ምን ብዬ ላስረዳ ነው?»

የቀረን ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ግቢያችን ቆሞ ሣር የበቀለበት የአባቴ የራሱ ጂፕ ነበር። ዘይት ሳይኖረው ተነድቶ የሞተሩ ውስጥ ተበልቷል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌርና መካኒክ ነበር፤ ሙያውን የለመደው ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት ጋራዥ ነው። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ ጎማ እንኳ ቀይሬ አላውቅም። ሐኪሙ «ስትሮኩ ሁለተኛ ከመታው አይተርፍም» ብሎኛል። ግንቦት ገብቷል። ዝናቡ ከጠና መንገዱ ይዘጋል።

አልጋውን በረንዳ ላይ አወጣንለት። ጎረቤቶች ሞተሩን በሰንሰለት ከማንጎው ዛፍ አንጠልጥለው አወጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ይናገራል፣ እኔ እፈታለሁ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካፖርቴን አውልቄ የብሎን መፍቻ ቁልፍ እይዛለሁ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እሱን ብሎን አትታገለው። መጀመሪያ ናፍጣ አጠጣው።»

«አጠጥቼዋለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ጠጥቶ እስኪጨርስ ተወው። ምን ያጣድፍሃል?»

የሚያጣድፈኝን ሁለታችንም እናውቃለን።

በሞተሩ ሆድ ውስጥ ኮሎ የሚባል ጠማማ ዘንግ አለ፤ የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው እሱ ነው። ዘንጉን አቅፈው የሚይዙት የብረት ክዳኖች የሚመሳሰሉ ይመስላሉ እንጂ አይመሳሰሉም። እያንዳንዱ ከመቀመጫው ጋር አንድ ላይ የተሞረደ ነው፤ ቦታው ከተለወጠ ወይ ዘንጉን አንቆ ይይዛል፣ ወይ ይላላል። አባቴ «ምልክት አድርግባቸው» አለኝ። እኔም በደብተር ላይ እንደማደርገው ሁሉ በያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፌ፣ በጆንያ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። አዲሱን ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንጉና ክዳኑ እንዳይፋጩ መሃል የሚገባውን ስስ ብረት፣ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ላከልን። ተስፋ ያደረግሁት ያን ሳምንት ነው።

ቅዳሜ የተማሪ ወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ። አባቴ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። የእኛ ሰው በሽተኛ ጠይቆ እጁን አጣጥፎ አይሄድም፤ ወይ ውኃ ይቀዳል፣ ወይ እንጨት ይፈልጣል፣ ወይ ልብስ ያጥባል። እናቴ ውኃውንም ልብሱንም ጨርሳ ነበር። በግቢው ውስጥ የቀረው ቆሻሻ የእኔ ብረት ነው።

ስመለስ ሁሉም ነገር ድንጋዩ ላይ ተሰጥቶ እንደ አዲስ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። በአመድና በእንዶድ ፈትገውታል። ተራው የለም። ጠመኔው የለም።

«ባርሲሳ!» አለችኝ ከሁሉም የምታስቀው ሴትዮ፤ እዚያ መምህርን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ሰሌዳ አጥተህ ነው ብረት ላይ የምትጽፈው? አጠፋንልህ! ዋቀዮ ኢሲን ሃ ኤቢሱ በለን እንጂ፣ እግዜር ይባርካችሁ አይባልም?»

አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ከሄዱ በኋላ ብረቱ የዝገት ነጥብ ሲያወጣ እያየሁ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ነቅቶ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግማሽ ፊቱ ብቻ አለቀሰ።

«ቁጥር አይሠራም እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «በእጅህ ጠይቃቸው። አንዱን ክዳን አስገባ፣ አጥብቅ፣ ዘንጉን አዙር። በደንብ እንደተሰቀለ በር ከዞረ ቦታው ነው። ከያዘ አውጣው።»

አስገባሁ፣ አጠበቅሁ፣ አዞርኩ፣ አወጣሁ። ዝናብ ሲመጣ ሸራ እወጥራለሁ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ክፍልፋይ ሳስተምር ጣቶቼ ክዳን ያዞራሉ። በዚያ መሃል የአባቴ ንግግር እየተጎተተ መጣ፤ አንድ ቀን ቁልፍ ለማለት ፈልጎ ቃሉ ጠፋው፤ እኔም ያልገባኝ መስዬ ፊቴን ወደ ሞተሩ አዞርኩ። አንድ ክዳን ብቻ እስከ መጨረሻው አልታረቅ አለኝ። በግራ እጁ ዳሰሰውና «ጊዜ የለም። ግጠመው» አለ።

ጎረቤቶች ሞተሩን ወደ ጂፑ መለሱልኝ። በማኑቤላ፣ ከፊት በሚገባው የብረት መዘውር፣ ደጋግሜ ስመታው ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ተንተባተበና ተነሣ። እናቴ እልል አለች። እኔ ግን ሰማሁት፤ ከታች፣ ከጩኸቱ ሥር፣ ኳ ኳ ኳ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን አልሰማውም ነበር። አባቴን አየሁት። እሱም ሰምቷል።

«ደህና ነው?» አለች እናቴ።

«ጫኑኝ» አለ አባቴ።

ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን በማግስቱ ጠዋት ወጣን። እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛለች። ጭቃው ሲይዘን እየገፋሁ፣ ሲለቀን እየነዳሁ፣ ከቀትር በኋላ የኑኑ ቁምባ ኮረብታዎች የሚታዩበት ዳገት ላይ ደረስን። እዚያ ላይ ኳኳታው ጨመረ፣ አንድ ጊዜ በኃይል ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ማኑቤላውን ብገፋው ድንጋይ ሆኗል። አባቴን ላየው ወደ ኋላ ስዞር አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ቃል አይወጣውም።

ወደሚቀርበው ቤት እየጮህኩ ወረድኩ። የሚያርሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን ፈትተው ወጡ። አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። በየመንደሩ ሌሎች ሰዎች እየተቀበሉ፣ እነዚያ እየተመለሱ፣ ሳይመሽ አደረሱን።

አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቃሬዛውን ከጎኗ አወረዱት። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ የወረደውን ጎን ሁለት ጊዜ።

«ለምን አይናገርም?» አለችኝ።

«መንገዱ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ከመሬት ላይ ጠጋ ብላ ስለ ላሞቹ ትነግረው ጀመር፤ የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛዋን አውሬ እንደበላት፣ የእናታቸው ላም ዘር የቱ ጋ እንደደረሰ። ከገበያ ዘግይቶ ለመጣ ልጅ እንደሚነገር በተራ ነገረችው። እሱ አፏን ያያል። ዓይኑን ከአፏ ላይ አላነሣም።