ከአዲስ አበባ የተጠበቀው ስልክ

ሚዛን ተፈሪ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሻሚል ሱቁን በከፈተ ቁጥር ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ጊታር አውርዶ ክሮቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውላል፤ ያገሩ እርጥበት ብረት ቶሎ ያዝጋል። ድሮ እሱ በጊታር፣ ጓደኛው ላምያ በድምጿ ሆነው ፓንክ የሚባለውን ጩኸት የበዛበት የፈረንጅ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ጎረቤቱ «ይሄ ዘፈን ነው ጠብ?» እያለ ይስቅባቸዋል። አንድ ቀን ቅጂያቸውን ከሻሚል ስልክ ቁጥር ጋር አዲስ አበባ ላለ የኮንሰርት አዘጋጅ ላኩ።

ከዚያ ወዲያ ላምያ በየቀኑ ከቡና ለቀማ ስትመለስ ሱቁ ብቅ ትል ነበር።

«ሻሚሌ፣ ደወሉ?»

«እኛን የት ያስታውሱናል ብለሽ ነው? አልደወሉም።»

በሦስተኛው ዓመት መጠበቁ ሰለቻትና ለቤት ሠራተኛነት ቤይሩት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ።

ሻሚል ይህ ሁሉ ቢጻፍ ግድ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ እንዲቀር ለምኗል፦ ቅጂውን በላኩ ገና በሁለተኛው ወር ከአዲስ አበባ ተደውሎ ነበር። የፈለጉት ላምያን ብቻ ስለነበር፣ ሻሚል «መዝፈን ትታለች» ብሎ ስልኩን ዘጋው።