በድርቆሽ የተመለሰው ብረት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ላይ አንዲት ሙሽራ ካስክ ሥር አስቀምጬ መብራት ድርግም አለ። ግማሽ ጸጉሯ ደርቋል፣ ግማሹ ይንጠባጠባል። ጸጉር ቤት ከፍቶ መብራት መጠበቅን የከፈተ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ መቀመጥ አልችልም፤ በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሞንታርቦ የጫነች መኪና እየለፈፈች መጣች። የመብራት ምሰሶ ብረት የፈታ፣ ሽቦ የቆረጠ፣ ቆጣሪ የነካካ በሕግ ተጠይቆ ይታሰራል ትላለች።

«እሰይ! እጃቸውንም መቁረጥ ነበር!» አለች ሙሽራዋ ከውስጥ።

ሳቄ መጣ። እጅ ይቆረጥ ቢባል ኖሮ አባቴም እጅ አይኖረውም ነበር።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ላመጣ አገር ቤት እሄዳለሁ። ከመንደራችን በላይ ካለው ሜዳ ላይ፣ ወደ ከተማ የሚሄደውን ሽቦ የተሸከመ ትልቅ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ሽቦው በራሳችን ላይ ያልፋል፣ እኛ በኩራዝ እናመሻለን። ነገሩ ያበሽቃል። እኔንም ያበሽቀኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ቤት ስደርስ የበራችን መቀርቀሪያ ተቀይሯል። የሚያብለጨልጭ፣ ጫፍና ጫፉ የተበሳ ብረት ነው።

«አባ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«ከሜዳው።»

«ሜዳው ብረት ማብቀል ጀመረ እንዴ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ያ ምሰሶ ብረት በብረት ነው፤ አንድ ቢጎድልበት ምን ይሆናል? እኛስ ከሱ ምን አገኘን?»

እናቴ በሶውን እየቋጠረች በዐይኗ ተይው አለችኝ። አልተውኩም። ወደ ከተማ ስመለስ ሜዳው ላይ ወጥቼ ምሰሶውን አየሁት። እግሮቹን የሚያያይዙት ብረቶች ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፍ ሆነዋል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲጥ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ የመብራት ሠራተኞች አይተውት ኖሮ ፖሊስ ይዘው መጡ። ብረት የተገኘበት ሰው ይታሰራል ተባለ። ሽማግሌዎቹ እስከ ገበያ ቀን ጊዜ ለመኑና አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ማለት አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ የማይነሳበት ጉባኤ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ፣ ሁሉም መሬት መሬት እያየ ዋለ፣ ማንም አልወጣም። አባቴ ከንፈሩ ደርቆ ተመለሰ።

«ብመልሰው ሌባ፣ ባልመልሰው ሌባ» አለ።

«ከታሰርክ እኔ ትምህርቴን ጥዬ ዐረብ አገር ነው የምሄደው። ቤቱን ማን ሊይዘው?» አልኩት። ደግሜ ደጋግሜ አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከክፍሌ እንደዚያ ብለው የሄዱ ልጆች ወንበራቸው ባዶ ነበር።

መላውን ያመጡት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼህ ይመር ናቸው። በድሮ ጊዜ ማረሻ ወይም ኮርቻ ሲጠፋ የሚደረገውን አስታወሱ። «ነገ ጠዋት ከየቤቱ አንድ አንድ ሸክም ድርቆሽ ምሰሶው ሥር ይምጣ። የማንንም ሸክም ማንም አይፈታ። ውስጡ ያለውን አላህ ይወቀው» አሉ።

የእኛን ሸክም እኔ ያዝኩ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ብረቱ በድርቆሹ ውስጥ ጀርባዬን ይቆረቁረኛል። ዳገቱ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ሸክማቸውን ይዘው ደረሱብኝ።

«ዘሀራ፣ ምነው ጎበጥሽ? የዘንድሮ ድርቆሽ ከበደ?»

«የእርስዎስ እትዬ ሙሉ? ሲራመዱ ይንኳኳል።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። ዐይን ለዐይን ተያየንና ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን።

«ዝም በይ አንቺ መዘዘኛ! ባሌ ለአልጋ እግር ብሎ እኮ ነው። አንድ ብቻ!»

ሁሉም አራግፎ ሲጨርስ ሼህ ይመር መንሽ አንስተው ክምሩን ራሳቸው ይገለብጡት ጀመር። ቅጭል አለ። ደግሞ ቅጭል። መቀርቀሪያው፣ የአልጋው እግር፣ የአህያ ካስማው፣ የቀፎ መደገፊያው ወጣ። ማንም ያልጠየቀው፣ ከትምህርት ቤቱ ቦኖ ተፈትቶ የጠፋው ቧንቧ ሳይቀር ወጣ! ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ለካ እያንዳንዱ የወሰደ እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

«ሁሉም የወሰደው አንድ ብቻ ነው» አሉ ሼህ ይመር መንሻቸውን ተደግፈው። «ምሰሶውም አንድ ብቻ ነው።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ማንም አላየውም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ የመብራት ሠራተኞቹ መጥተው ብረቶቹን አሰሩ፤ ሰው ግን አልታሰረም። ድርቆሹ አቅም ለሌላቸው አንዲት አሮጊት፣ ለላማቸው ቀለብ ተሰጠ። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ዐረብ አገር የሄድኩት ኋላ፣ በራሴ ፈቃድ ነው፤ ይኼ ጸጉር ቤት የዚያ ፍሬ ነው።

ሞንታርቦዋ እየለፈፈች ወደ ታች ወረደች። ሕጉን አልቃወምም፤ ደግ አደረገ። ግን «ሌባ» ሲባል ሁላችንም ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይመስለናል። እኔ «አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል» የሚለውን ሰው አውቀዋለሁ። ሲመልስም አይቼዋለሁ። ተስፋዬ እዚያ ላይ ነው።

ስልኬን አንስቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። አሁን እነሱም መብራት ገብቶላቸዋል፤ በራቸው የሚዘጋው በወይራ እንጨት ነው። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ያፏጫል።

«አባ፣ መብራት ጠፋብን።»

«እኛም ጋ ጠፍቷል። አብሽሪ፣ ይመጣል» አለኝ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አሁን ሜዳው ላይ ነኝ። ምሰሶውን ዞሬ አየሁት፤ አንድም ብረት አልጎደለም። የጠፋው ከእኛ ምሰሶ አይደለም።»