ብቻዬን ነኝ ያልኩበት ኬላ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሮቤ ከተማ ቤቴ ድረስ መጥታ ስለ ጋላክሲ ስታወራኝ ሰነበተች። የሰማይ ተመራማሪዎች የትንንሾቹን ጋላክሲዎች ጓደኛ ይቆጥራሉ አሉ፤ አንዴ ሰማዩን በሩቅ ማያ መነጽር አይተው፣ አንዴ ደግሞ በኮምፒውተር ሰማይ አስመስለው ሠርተው። «አባባ፣ ብዙዎቹ ብቻቸውን ይመስላሉ። ግን ጓደኛቸው ደብዛዛ ሆኖ ሳይታይ የሚቀርም አለ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ።

በደርግ ጊዜ ጎባ አስተምር ነበር፤ እኔ ሒሳብ፣ የጊኒሩ ልጅ ቃድር ፊዚክስ። አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ቃድር፣ በደቡብ ሰማይ ሁለት ትንንሽ ጋላክሲዎች እንደ ጭጋግ ቁራጭ በባዶ ዓይን ይታያሉ የሚል መጽሐፍ አንብቦ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እኔ «ትንሽ ነገር ጓደኛ የለውም፤ ትልቁ ይውጠዋል» ስለው ቆሎውን ሰፌድ ላይ ይበትናል። «አቦ፣ ቁጠር እንጂ! እንዲሁ ሲበተን እንኳ ስንቱ ጥንድ ሆነ?» ክርክሩ ሳያልቅ ቆሎው ያልቃል።

ታኅሣሥ ላይ የውትድርና ጥሪ ደረሰው። ሰኞ ሊሄድ ቅዳሜ «ወላሂ ሳላያቸው አልሄድም» አለ። ሰማዩ ደህና የሚገለጠው ከጎባ በላይ ሳነቴ ተራራ ላይ ነው። ይለፍ ወረቀት ያገኘሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለተጠራ ሰው አይሰጥም። በሳነቴ አልፎ ወደ ሪራ መንደር በሚወርድ የገብስ መኪና እኔ ጋቢና፣ እሱ ሸራው ሥር ሆነን ማታውኑ ተነሣን።

ኬላው ላይ ጠባቂው «ከማን ጋር ነህ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ፣ እንደተማከርነው።

ሸራውን ገለጠና ቃድርን በአንገትጌው ጎትቶ አወረደው። «ይሄስ?»

ፈጥኜ መለስኩ፦ «አላውቀውም።» ይሄን አልተማከርንም።

ቃድር አንዴ አየኝ። «እኔም አላውቀውም» አለ።

ሾፌሩም ሳላየው የተሳፈረ ነው ብሎ ማለ። ቃድርን ወሰዱት፤ መኪናው ሲነሣ እኔ አልወረድኩም። ፈሪ!

ሳነቴ ላይ ሞተሩ ግሎ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወደ ደቡብ ዞርኩ፤ ከሐረና ጫካ በላይ ሁለቱም ነበሩ፣ ትንሽ ተራርቀው፣ ጎን ለጎን። ቃድር ልክ ነበር፤ ግን ልክ ነህ የምለው ሰው አጠገቤ የለም። እሱን ከኬላው በቀጥታ ወደ ማሠልጠኛ ሰደዱት፤ አልተመለሰም። ጊኒር ሄጄ ለእናቱ እውነቱን እነግራለሁ እያልኩ ስውል ሳድር እሳቸውም አለፉ።

ትናንት የልጅ ልጄ «አባባ፣ እርስዎ ሁለቱን የደቡብ ሰማይ ጋላክሲዎች አይተዋቸው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ።»

«ከማን ጋር ሆነው?»

ያው የኬላው ጥያቄ ነው። አሁን ጠብመንጃ የያዘ የለም።

«ከቃድር ጋር» አልኳት።