ለቅሶ ሳልቀመጥ

መጀመሪያ የደነዘዘኝ ግራ እጄ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ደረቴን ጨመደደኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ልቤ ናት፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሐኪም ቤት ሄጄ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፤ ደህና። ደም ሰጠሁ፤ ደህና። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ «ሰው ሞቶብሻል እንዴ?» አለኝ።

«እናቴ። ሁለት ወር ሆናት።»

«ለቅሶ ተቀምጠሻል?»

አልተቀመጥኩም። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ በመምህርነት ተዛውሬ ሐረር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ወንድሜ በስልክ አረዳኝ፤ መንገዱ አያስተማምንም፣ አትምጪ አለኝ። አገሬ ቢሆን ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ያረዳኝ ነበር፤ ስጮኽም ደግፎ የሚይዘኝ አላጣም። እዚህ የተከራየሁት ኤረር በር አጠገብ፣ እማማ ፋጡማ ግቢ ነው። ባለቤታቸው ሲሞቱ አይቻለሁ፤ ቁርአን ይቀራል እንጂ አንድም ጩኸት የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ልባቸው ድንጋይ ነው ብዬ አምቻቸዋለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን በሰው ግቢ እሪ ማለት አፈርኩ። ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። ለትምህርት ቤቱም አልተናገርኩም። በነጋታው ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርኩ።

በላሽ ወይ የሚለኝ የለም። እንቅልፍ ጠፋ። ሞት ተመኘሁ። ይህንንም ለሐኪሙ ተናገርኩ።

«ዲፕሬሽን ነው» አለኝ። ሰርትራሊን አዘዘልኝ። «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃሽም፤ ለሰው ንገሪ።»

እማማ ፋጡማ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሁለት ወር ሙሉ? ግድግዳ ተጋርተን?»

«እናንተ ስለማትጮኹ ነውር መስሎኝ ነው።»

«እኛ ዝም ያልነው ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ነው፣ ልጄ። አንቺ ብቻሽን ነው ዝም ያልሽው። በይ አልቅሺ!»

ኡኡ አልኩ። ደረቴን ልመታ ስል እጄን ያዙኝ፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እያሉ። የግቢው ሴቶች ገብተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። እስኪመሽ አልተነሡም።

መድኃኒቱ መጀመሪያ አቅለሸለሸኝ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን እንቅልፌ ተመለሰ፣ እህል መቅመስ ጀመርኩ፣ ተማሪዎቼ ሲያስቁኝም መሳቅ ቻልኩ። ሐኪሙንና እማማ ፋጡማን እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም እንደኔ ደረታችሁን ከያዛችሁ፣ አስቀድማችሁ ልባችሁን ተመርመሩ። ልባችሁ ደህና ነው ከተባላችሁም አልታመምኩም ብላችሁ አትመለሱ፤ ሐዘናችሁንም ለሐኪሙ ንገሩት። እኔ አሁንም ብቸኛ ነኝ፤ እናቴም በጣም ትናፍቀኛለች። ሲብስብኝ የእማማ ፋጡማን በር አንኳኩቼ «ዛሬ ከብዶኛል» እላለሁ። ይህችን ቃል ለማውጣት ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።