ደሳለች ያላመነችው አረፋ

«የወደድሁት ውሃ ጨው ሆኖ ተገኘ፣
ቢጠጡት አያረካ…»

ከዚያስ? ደሳለች ዘፈኑ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋባታል። የቀረውን ቃል በሌለው እንጉርጉሮ ትሞላዋለች።

ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ግቢዋን ተከራይቶ የነበረ መምህር ወደ አገሩ ሲዛወር የመስታወት ሳጥን ትቶላት ሄደ፤ ውስጡ ጨዋማ ውሃና ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች አሉ። ጭጋጉ ከጉና በወረደ ቁጥር፣ ልጅ ላልወለደችው ደሳለች የቤቷ ፀሐይ እነሱ ናቸው።

የውሃውን እድፍ በአረፋ እያነሳ የሚያወጣው ስኪመር በተቃጠለ ጊዜ ዓሦቹ ማለክለክ ጀመሩ። በቡሄ ዋዜማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኙ ቢያድግልኝ ከአዲስ አበባ ያስመጣቸውን ሁለት ስኪመሮች፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ፣ ይዞ መጣ።

«የቱ ነው እውነተኛው?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«እትዬ ደሳለች፣ ሁለቱም።»

«ሁለቱንም የሚያመሰግን ነጋዴ አንዱንም አያውቀው።»

እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ትልቁን ራሷ ተከለችው። ወዲያው ነጭ አረፋ ከኩባያው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይዩ! ጉልበቱን ይዩ!»

«አያለሁ። እድፍ የሚያወጣ አረፋ እንዲህ ይነጣል?»

አውጥታ ትንሹን ተከለች። እሱም እንደዚያው ተፋ።

«ሳሙና ቀብተህ ነው ያመጣኸው!»

«በኢየሱስ! ሳሙና ቢኖረኝ ይህን ሸሚዝ ለብሼ እመጣ ነበር?»

አልሳቀችም። አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተንጋለለ። አረፋውን በጣቷ ነክታ አሸተተች፤ ከዚያ ክንዷን አሸተተች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ጠዋት ለበዓሉ ነጠላዋን በእንዶድ አጥባለች። ያንኑ እጅ በቅጡ ሳትለቃለቅ ነው የነከረችው። እንዶድ ዓሣ ይፈጃል።

«ባልዲ! ለመቀየሪያ ካስቀመጥኩት ጄሪካን የጨው ውሃ ቅዳ!»

እየተጋጩ ዓሦቹን ወደ ንጹሕ ውሃ አሻገሩ። መሣሪያዎቹንም ደጋግመው አለቅልቀው እንደገና ሞከሩ። ትልቁ ባልዲውን አናወጠው፤ ዓሦቹ ጥግ ያዙ። ትንሹ ደቃቅ ፊኛ እያፈላ ዝም ብሎ ሠራ፤ ኩባያው ባዶ ቀረ።

«ምንም አላወጣም» አለ ቢያድግልኝ አፍሮ።

«ከንጹሕ ውሃ ምን ያውጣ? ይሄ አይዋሽም። ይሄን ተውልኝ።»

«ትልቁ እኮ…»

«ለጣና ይሆናል።» ወደ እሱ ዞረችና፣ «ክፉ ቃል ተናገርኩህ፤ ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅር ለእግዜር።»

የተንጋለለው ዓሣ ክንፉን አወዛወዘ፤ ቆይቶም ቀና አለ። ቅዳሴ ከወጣ ቆይቷል፤ ደሳለች ግን እህል አልቀመሰችም ነበር። እጇን ሦስት ጊዜ ታጥባ፣ አሽትታ፣ የጾም ሽሮዋን አቀረበች። «ና፣ ቁረስ» አለችና የእንጨት ዱካዋን ወደ ባልዲው አስጠግታ ተቀመጠች።