የመምህሩ ጎጆና የአባቴ ምሰሶ

ከቢቸና የተነሳሁት አባቴ የተከለውን ምሰሶ ለማየት ነው። በወጣትነቱ ሞጣ ቅኔ ሲማር የመምህሩን ጎጆ መሐል ምሰሶ ጠርቦ፣ ተሸክሞ ያቆመው እሱ ነው። እኔን ግን ፊደል እንኳ ሳያስቆጥረኝ ሞተ። ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከእጁ የቀረኝ ያ እንጨት ብቻ ነው፤ ቤቱም ተጠብቋል ሲሉ ሰማሁ።

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት ጠቅጥቆ ሄደ። ደብረ ወርቅ ላይ ሽሮ በላን። ሽሮው ውሃ፣ ዋጋው የዶሮ ወጥ።

ሞጣ

ባጃጁ ከመስጊዱ ጀርባ አወረደኝ። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «የመምህሩ ቤት፣ እንደነበረ የተጠበቀ» ይላል። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ክዳኑ የዘንድሮ ሣር ነው፣ ግድግዳው እርጥብ ጭቃ። ምሰሶው የለም። ጣሪያውን ሁለት ባላ ደግፎታል፤ መሐል ላይ ጉድጓድ ብቻ።

ቤቱን የሚያድሱትን የቅኔ ተማሪዎች የሚያዙት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ አሮጊት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ቦታውን ለመምህሩ የሰጡት አያታቸው ናቸው። የአባቴ ምሰሶ የት ገባ አልኳቸው።

«እኔ እንጃ የትኛው እንደሆነ። ምስጥ ሲበላው ይነቀላል፤ አሮጌው ለሠራተኛ ንፍሮ ይቀቀልበታል።»

«ሰሌዳው እንደነበረ ይላል'ኮ!»

«የሰቀሉት ሰዎች ውስጥ አልገቡም።»

መምህሩ የትናንት ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪን ከደጃቸው ይመልሱ ነበር አሉኝ። ቤቱንም በየጊዜው የሚመጣ ተማሪ ሁሉ በገዛ እጁ እንዲያድሰው፣ የድሮው እንዳይቀመጥ አዘው ሞቱ። አባቴም የሌላ ሰው ምሰሶ ነቅሎ ነው የተከለው። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

«ታዲያ የተጠበቀው ምኑ ነው?» አልኩ።

«ጉድጓዱ ያው ነው። ይልቅ ጫፉን ያዝ፣ ልጆቹ ደክሟቸዋል።»

ተማሪዎቹ ባሕር ዛፍ ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። ባሕር ዛፍ ለምስጥ ቁርስ ነው። ቢሆንም ያዝኩ። አቆምነው፤ ድንጋይና አፈር ጠቀጠቅኩበት።

መልስ

ቢቸና ስገባ ሚስቴ የአባትህን ምሰሶ አገኘኸው ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እጅህ ምን ሆነ አለች። ምሰሶ ስተክል አልኳት። ግራ ገባት፤ እኔም አልገባኝም።

ከጉዞው ምን እንደተማርኩ አላውቅም። ለልጄ ግን ነገርኩት፦ አንድ ቀን ሞጣ ሄደህ የእኔን ብትፈልግ ንፍሮ ተቀቅሎበታል ይሉሃል፣ እንዳትደነግጥ። ጉድጓዱ መሐል ላይ ነው።