የጀማሉዲን ከባድ ካሜራ

ጀማሉዲን በአራዳ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀው ሁለት እምነት ይዞ ነው። አንደኛው፣ ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃውን ለምን እንደፈለግኸው ለሻጭ አትንገር፤ ጉጉትህን ያወቀ ዕለት ዋጋውን ጣሪያ ያደርሰዋል። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ልጆች አሳድጓል፤ ትክል ድንጋይ ገበያ ድረስ ጣቃ ጭኖ ወርዷል፤ አጭበርብሮ ጨርቅ የሸጠለት ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሌላ ሦስተኛ አንቀጽ ሊያስፈልገው እንደሚችል የነገረው አልነበረም። ቢነገረውስ? መመሪያ ያለው ሰው ጆሮ ምን ያደርግለታል!

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ አከራዩ ሱቁን ለገዛ ልጁ ፈለገው። ጀማሉዲን ጣቃዎቹን አስጭኖ ቤቱ ገባ፤ ሳሎኑ መጋዘን ሆነ። ወዲያው የሚስቱ ወንድም አብዱልመናን ከተፍ አለ። እሱም ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ያውም መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ያለው።

«ጀማል፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለው። «እኔ ሱቅ ና ቁም። ሻጭ ፈልጌ የለ!»

ነገሩ ከደግነት ነበር። የአብዱልመናን ደግነት ግን ሁልጊዜ እንደ ጠባብ ጫማ ነው። «ቁም» የምትለዋ ቃል ጀማሉዲንን ወጋችው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያቆም የኖረ ሰው፣ ጢሙ ከሸበተ በኋላ በሰው ባንኮኒ ኋላ ሊቆም!

መላውን ያመጣችው ልጁ ፈህሚያ ናት። «አባዬ፣ ከቤት ሆነን በላይቭ እንሽጥ። በፌስቡክ በቀጥታ ስናሳይ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያለው ሰው ያየናል። ካሜራው ስልኬ ይበቃል። አንድ ማቆሚያና አንድ ደህና መብራት ብቻ እንግዛ።»

ጀማሉዲን ስልኳን ተቀብሎ በመዳፉ መዘናት። «ይቺ? ይቺ እኮ ከብስኩት አትከብድም። በዚች ታይቼ ማን ያምነኛል?»

ውሳኔው የማያዳግም ነበር፤ ካሜራ ይገዛል። ጉዞ ወደ አድማሴ ሆነ። አድማሴ የከተማውን ግማሽ ሰርግ የቀረጸ፣ ያገለገለ ካሜራና ስልክም የሚሸጥ የቪዲዮ ሠራተኛ ነው።

መንገድ ላይ ጀማሉዲን አስጠነቀቀ። «ላይቭ የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። የፈለግነውን ካወቀ ይገፈናል።»

«ካልነገርነው የሚሆነንን እንዴት ይሰጠናል፣ አባዬ?»

«ዝም በይ!»

አድማሴ በአክብሮት ተቀበላቸው። «አያ ጀማሉዲን፣ ካሜራው ለምንዎት ነው? ሰርግ አለ እንዴ?»

«እንዲያው ነው።»

«ካሜራ እንዲያው ይገዛል?»

«አንተ ሻጭ ነህ መርማሪ?»

አድማሴ ትከሻውን ነቅንቆ አንዲት ትንሽ ካሜራ አቀረበ። ጀማሉዲን በሁለት ጣቱ አንሥቶ እንደ ጭራሮ መለሳት። ከዚያ ዐይኑ አግዳሚው ሥር አቧራ የጠጣ፣ በትከሻ የሚያዝ ካሜራ አየ። ብድግ ሲያደርገው ክንዱ ወደ መሬት ተሳበ፤ ፊቱም በራ።

ፈህሚያ ኮቱን ጎተተች። «አባዬ፣ ይሄ በካሴት ነው የሚሠራው» አለች በሹክሹክታ።

«ካሴት ምን አለበት? የእህትሽ ሰርግ በምን ተቀረጸ?»

የብረት እግር ያላቸው ሁለት የሰርግ መብራቶችም ተጨመሩ። እነሱም ይከብዳሉ፤ ስለዚህ ጥሩ ናቸው። ጀማሉዲን በመጨረሻ የፈህሚያን ስልክ ከእጇ ወስዶ፣ «ይቺን ቀላሏን ያዝና በዋጋው አቻችለን» አለ። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሳቀ። «አየሽ፣ እንዲህ ነው የሚገዛ! አንዲት ቃል ሳላወጣ!»

ፈህሚያ ባዶ እጇን ታይ ነበር።

በአሮጌ ባለቁልፍ ስልኩ ለደንበኞቹ ሁሉ ደወለ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በፈህሚያ ገጽ ላይቭ አለኝ አለ፣ በኩራት። ሐሙስ ከሰዓት መብራቶቹን አበሩ። ሳሎኑ የዳቦ ምድጃ ሆነ። ወይን ጠጁ ጨርቅ ቲማቲም መሰለ፤ ጫፉ ተለበለበና ሸተተ፤ ቀጥሎ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም አለ።

ጀማሉዲን ላቡን ጠርጎ ካሜራውን አገላበጠ። «በይ አሁን አዲስ አበባ እንዲታይ የቱ ጋ ነው የሚነካው?»

«የትም አይነካም፣ አባዬ። ይሄ ካሜራ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በዕድሜው አያውቅም። ስልኬ ነበረች የምታውቀው።»

ሩጫ ወደ አድማሴ። አድማሴ ሰምቶ በሳቅ እንባው ወረደ። «ምነው አያ ጀማሉዲን፣ ላይቭ ነው አይሉኝም ኖሯል? ስልኳማ ትናንት ተሸጣ ደባርቅ ወጣች!»

«ብነግርህ ዋጋ ትጨምርብኝ ነበራ!»

«በገዛ ስልክዎት ላይ ምን ዋጋ ልጨምር?»

ለዚህ ሦስተኛ አንቀጽ ያስፈልግ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ፈህሚያ የፌስቡክ ገጿን በሌላ ስልክ እንዳትከፍት የይለፍ ቃሉን አታስታውሰውም፤ ሲያስታውስላት የኖረው ደባርቅ የወጣው ስልክ ነው። በዘመድ መካከል ደህና ስልክ ያለው አብዱልመናን ነበር። ጀማሉዲን ሄዶ ለመነ፤ አብዱልመናንም እየሳቀ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይዞ መጣ። ላይቩም በእሱ ሱቅ ገጽ እንዲሆን ተባለ፤ ሌላ ገጽ አልነበረማ። ጀማሉዲን ለደንበኞቹ አንድ በአንድ እንደገና ደወለ፤ «በአብዱልመናን ገጽ እዩኝ» አለ።

ጨርቅ ሁልጊዜ እንደሚታየው፣ የቤቱ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ወጥቶ ታየ። ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ሆነ። ጀማሉዲን ጣቃውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ዘረጋ፣ በጣቱ አሻሸ፣ ለኮረዳ ሌላ ለባልቴት ሌላ አወራ። ምላሱ ተፈታ፤ ሱቁ የተመለሰለት መሰለው። አብዱልመናን ጣቃ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ፈህሚያ ከስልኩ ላይ የተመልካቹን ቃል ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ወይን ጠጁ ይቀመጥልኝ» ትላለች አንዷ፤ «ለሚዜዎች የሚሆን አለ ወይ?» ይላል ሌላው።

ድንገት ማንበቧን አቋረጠች።

«ምን ይላል?» አለ ጀማሉዲን።

«ምንም።»

«አንብቢ እንጂ!»

«‹አብዱልመናን፣ ሸጋ ሻጭ ቀጥረሃል፤ ከየት አገኘኸው?› ይላል።»

አብዱልመናን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ምን ብዬ ልመልስለት፣ ጀማል?»

ጀማሉዲን ወይን ጠጁን ጨርቅ በቀስታ አጠፈው። ጓዳ በር ሥር የተጋደመውን ከባድ ካሜራ አየው። ከዚያ፣ ያው ቆሞ ስለነበር፣ ቀጣዩን ጣቃ አነሣ።